ባዶ ነው ያልኩት ሸክላ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ምንም አይደል» እያልሽ ትደብቂያለሽ? ጋሼ ባለቤትሽ ደህና ነው? ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዴት አደረገው? የትንሿ አፈ ጮሌ የፊት ጥርስ በቀለ ወይ? አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ከአንገት በታች ማለቴ ነው፤ ከአንገት በላይ ያለውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። «አባባን ከዚህ በላይ አልችላቸውም፤ ወሩ ሲያልቅ አጎታችን ዘንድ ይሂዱ» ብለሽ ጽፈሻል። ስትጠሪያቸው ጆሮ ዳባ ልበስ እንደሚሉ፣ ምሳ ቀርቧል ብለሽ ሦስቴ ተጣርተሽ ግድግዳ ግድግዳውን እንደሚያዩ፣ ለትንሿ ልጅሽ ግን ፈገግ ብለው እንደሚመልሱ፣ ይህም ንቀት ካልሆነ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ «አንተ ግን ሚስት በማግባት ፈንታ ሸክላ ትሰበስባለህ አሉ፤ ለመሆኑ ምን ምን ገዛህ?» ብለሽ ወጋ አድርገሽኛል። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው። የምጀምረው በሸክላው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ግን የአባባን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ እንዳታወርጂ፣ አፈር ስሆን።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የሸክላ ማጫወቻዬ። ሸክላ ዛሬ እንደ አዲስ ተወዶ፣ ትኩስ ትኩሱ እየታተመ ይሸጣል። እኔ የምገዛው ከፋብሪካችን ማዶ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሰው ሁሉ «ባለ ሬዲዮው» ነው የሚለው። አንድ ሸክላ በገዛሁ ቁጥር ሦስት ቀን አዳምጬ በደብተር ላይ አስተያየት እጽፋለሁ። ማን ጠየቀህ ብትዪኝ ማንም። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲጎረድና የምስማር ጭንቅላት ሲመታ የሚውል ሰው፣ ማታ አንድ ነገር ላይ ዳኛ መሆን ያምረዋል።

በእነዚህ ሦስት ወራት አራት ሸክላ ገዛሁ። የመጀመሪያው የጥሩንባና የሳክስፎን ባንድ ነው። ደብተሬ ላይ «ከበሮው ግሩም። ከበሮው አጠገብ የሚመታው የናስ ሳህን ግን የለም፤ የሚመታው ሰውዬ ቀርቶባቸው ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ፒያኖ ብቻ አስከትላ የምትዘፍን ሴት ነች። «ድምፅዋ ማር ነው፤ ቃላቱን ግን ታኝካቸዋለች። ጥርሷን ትታይ» አልኩ። ሦስተኛው ቫዮሊን ነው፤ «ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ሲደርስ ይጠፋል። ሲያባዙት አበላሽተውታል፣ ይመለስ» ብዬ እውነትም ወስጄ መለስኩት። ባለ ሬዲዮው ሌላ ቅጂ ሰጠኝ። እሱም እንደዚያው ጠፋብኝ። የማጫወቻዬን መርፌ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ዓለም ሁሉ ሥራውን አቃልሎ እኔን ሊያታልል የተስማማ መሰለኝ።

አራተኛው የወፎች ሸክላ ነው። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ጫካ አለበት። በአንዱ ገጽ ሙዚቃ ነው፤ በሌላው ገጽ ሰዎቹ ንጋት ላይ ጫካ ገብተው የትንንሽ ወፎችን ድምፅ ብቻ ቀድተዋል ይላል። አስቀመጥኩት፣ መርፌውን አሳረፍኩ፣ ወንበሬን አስጠጋሁ። ነፋስ የመሰለ ሽውሽውታ እንጂ ምንም የለም። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ደብተሬ ላይ «ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። ሰው እንዲህ ይታለላል?» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሸክላዬን በብብቴ ይዤ ሱቁ ድረስ እየተንጎማለልኩ ሄድኩ።

ባለ ሬዲዮው ተቀበለኝና ማጫወቻው ላይ አደረገው። ሚስቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አዝራር ትተክላለች። ትንሽ ቆይታ መርፌዋን አቆመችና ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ «እነዚህ ወፎች እንዴት ደስ ይላሉ» አለችው። እኔ እሷን አየሁ፣ ሸክላውን አየሁ። ይሽከረከራል። ባለ ሬዲዮው አልሳቀብኝም። ማጫወቻውን ዘግቶ ትከሻዬን ያዘና ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞረኝ። ዕቃ ሊያሳየኝ መስሎኝ ቆምኩ። ከቆይታ በኋላ መልሶ ወደ ራሱ አዞረኝ።

«ስንቴ እንደጠራሁህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«መቼ ጠራኸኝ?» አልኩት።

«አራት ጊዜ» አለኝ።

ክው አልኩ። እታለም፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለ ሐሜት ነበር፤ የእኔ ግን በቁሙ ባዳ ሆኖብኝ ኖሯል። እንዴት አላወቅህም እንዳትዪኝ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ በማሽኑ ጩኸት የተነሳ ሰው ሁሉ የሚነጋገረው ከንፈር ለከንፈር እየተያየ፣ በጣትና በቅንድብ ነው። እዚያ ውስጥ የሰማውንና ያልሰማውን ማን ይለያል? ከሥራ ውጭ ደግሞ ያልገባኝን ሁሉ እየሳቅሁ «እሺ» ነው የምለው። ሰው ሁሉ ትሑት ይለኛል።

ባለ ሬዲዮው ራሱ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን አዘዘችኝ። መጫን ሳይኖርብኝ ተጫንኩ፣ መጫን ሲኖርብኝ ዝም አልኩ። የማሽን ጩኸት መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው አለችኝ። ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማሃል፣ ቃሉ ግን ይጠፋሃል፤ ከኋላህ ከሆነ ደግሞ ድምፁም ይጠፋሃል፤ ሰዎች የናቅሃቸው ይመስላቸዋል አለችኝ። ቀጥላም በቤተሰባችሁ ውስጥ ጩኸት ባለበት ቦታ የሠራ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አባቴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት፣ አልኳት።

እንግዲህ አስቢው። አባባ ለልጅሽ የሚመልሱት ስለሚያዳሏት አይደለም። አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ጭናቸው ላይ ወጥታ አገጫቸውን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምታወራቸው። አንቺ ከማድ ቤት፣ ከጀርባቸው፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው የምትጠሪያቸው። አንቺን አልወቅስም። ያን ሁሉ ዓመት ልብሳቸውን ያጠብሽ፣ ሲታመሙ ያስታመምሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ቂም ከመቋጠር በቀር ምን ሠራሁ?

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ከቤት የወጣሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ወፍጮውን አልረከብም ብያቸው ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈን ነበር። ጠዋት ልሰናበታቸው ሄድኩ። ወፍጮው ቆሟል፤ አባባ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ጆንያ ይሰፋሉ። በሩ ላይ ቆሜ «አባባ፣ መሄዴ ነው፤ ይመርቁኝ» አልኩ። ቀና አላሉም። ደገምኩት። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መስፋታቸውን ቀጠሉ። ሆድ ብሶኝ ወጣሁ፤ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት አንድ መስመር ጽፌላቸው አላውቅም። አንቺ ኋላ እንደነገርሽኝ ደግሞ ማታ ቤት ገብተው «ልጄ ሳይሰናበተኝ ሄደ» ብለው አለቀሱ። እኛ ምን አልን? አስመሳይ ናቸው አልን። አሥራ ሁለት ዓመት እኔ አልመረቁኝም ብዬ፣ እሳቸው አልተሰናበተኝም ብለው፣ ሁለታችንም ተቀይመን ኖርን። ይህን ያወቅሁ ዕለት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ፈትኛቸው። ከኋላቸው ቆመሽ፣ ሳትጮኺ፣ «ወፍጮውን ለጎረቤታችን ሸጥነው» በያቸው። ይህን ሰምተው ከመቀመጫቸው ካልተነሱ በእርግጥ አልሰሙም። ከዚያ በፊታቸው ዞረሽ፣ ብርሃን ፊትሽ ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብለሽ አውሪያቸው። ጩኸት አይጠቅምም፤ ትከሻቸውን ነካ ማድረግ ይበቃል። ሐኪም ዘንድ ስትወስጃቸው «እርጅና ነው፣ ተዉኝ» ማለታቸው አይቀርም። ልጅዎም አድርጓል በያቸው፤ ከትናንት በስቲያ የመስሚያ መሣሪያውን ተቀብያለሁና። ሁሉን አይመልስም፣ ግን ወፎቹን ሰማኋቸው። ዘፋኟንም ደግሜ ሰማኋት፤ ደብተሬ ላይ ከስድቡ ሥር «ይቅርታ እመቤቴ፣ ጥርስሽ ደህና ነው» ብዬ ጽፌላታለሁ። አጎታችን ቤት ቢሄዱ ግን እዚያ ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ከኋላቸው ያወራል፣ ማንም አገጫቸውን አይዝም። እንዳይሄዱ፣ እታለም።

ጋሼ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ቢስክሌቱን አሁንም ራሱ የሚጠግን ከሆነ ጣቱን ይጠብቅ። ትልቁን ልጅሽን ስለ ፈተናው ራሱ እንዲጽፍልኝ ንገሪው። አጎታችንንም ሰላም በያቸው፤ አባባን እቀበላለሁ ማለታቸው ደግነት ነው፣ አይቀየሙን። አፈ ጮሌዋን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ከሁላችን ቀድማ መላውን አግኝታለችና።

ለአባባ አንድ የታጠፈ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። ያለ መነጽር እንዲያነቡት በትልልቁ ጽፌዋለሁ። አንቺ አታንብቢላቸው፤ በእጃቸው ስጫቸውና ከፊታቸው ቁሚ። እንዲህ ነው የሚለው፦ «አባባ፣ ሳልሰናበትዎ አልሄድኩም። ከኋላዎ ቆሜ ሁለት ጊዜ ይመርቁኝ ብዬ ነበር። አሁንም እየጠበቅሁ ነው።»

ታናሽ ወንድምሽ

ከምስማር ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን