ለዳሌ የተለካው ቀይ ክር

ራቤል፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ዓለም ከተማ ድረስ ይድረስህ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ከዚህ ብርድ ወርደህ ሙቀቱ ተስማማህ? ትንፋሽህ፣ ጉልበትህ፣ ያ የምትኮራበት ደረትህ ደኅና ናቸው? እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ዳሌዬም እንደኔው ደኅና ነው። ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ሰላም ብሎሃል።

አትቆጣ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው ብዙ ገደል ወርዶ ብዙ ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚመጣው፤ ውሃ ስጠው፣ አረፍ ይበል። በቅሎዋን ግን ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳታራግፍ። አደራ።

እንደሰማኸው ተመርቄያለሁ። ነርስ ሆኜ እዚሁ ግሼ ራቤል ክሊኒክ ተመድቤያለሁ። ክሊኒክ ስልህ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ሲነሣ ጣራው ልሂድ ልሂድ ይላል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ምንጩን በአጥር ላስከልል፣ ሕፃናቱን ላስከትብ፣ ወላዶቹን እቤታቸው ልዙር እያልኩ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። ‘ሐኪሟ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ አገሩ የትም አይሄድብሽም’ ይሉኛል። ቀስ ማለት አልችልበትም። አንተ ግን ሰነፍ ብለኸኝ ነበር።

ትዝ ይልሃል? አዲስ አበባ፣ አንተ የስፖርት መምህር፣ እኔ የነርስ ተማሪ ነበርን። ቤተሰብ እጮኝነታችንን ባወቀ ሰሞን፣ ‘ሁሉ ነገርሽ መልካም ነው፤ ዳሌሽ ብቻ በዛ’ አልከኝ። መምህራን ግብዣ ሲኖራቸው ጉርድ ቀሚስ የሚያምርባት ሚስት ይዘህ መግባት ትፈልግ ነበር። በጎኔ አስተኝተህ እግሬን ሽቅብ አስነሣኸኝ፤ ወለል ላይ አስቀምጠህ በመቀመጫዬ አስኬድከኝ። ‘የሚንቀሳቀሰው ቦታ ነው የሚቀልጠው። ቅቤ እሳት በነካው በኩል አይደል የሚቀልጠው?’ አልከኝ። እኔም፣ የሰው ገላ የምማረው ሴትዮ፣ አመንኩህ። ከዚያ ያንን ቀይ ክር ከኪስህ አወጣህ። ‘ይኸ ለቁመትሽ በሳይንስ የተሰላ ነው። ዳሌሽን ዞሮ ጫፍና ጫፉ የገጠመ ቀን እንደግሳለን’ አልከኝ።

ሠራሁ። ያንተን አምላክ አስመስክሬ ልማል፣ ሠራሁ። ቶሎ እንዲሆንልኝ ራት ተውኩ። ክረምት ላይ አገሬ ሞላሌ ስገባ እናቴ ደጅ ላይ አይታኝ እሪ አለች። ፊቴ አልቆ፣ አንገቴ ሰልሎ፣ ጡቴ ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ ዳሌዬ ግን በቦታው ነበር። ለምን እንደከሳሁ ብነግራት፣ ‘ሰው ዳሌ አጣሁ ብሎ ያለቅሳል እንጂ ዳሌ በዛብኝ ይላል? ይኸ ሰውዬ ሚስት ነው የሚፈልገው ወይስ የድንኳን ካስማ?’ አለችኝ። ሳንባ ይሆናል ብላ በዚያ ብርድ በሌሊት ጸበል አስጠመቀችኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ‘ክሩ እስኪገጥም ነው፣ ክሩ እስኪገጥም ነው’ እል ነበር በልቤ።

ተመልሼ ስመጣ ክሩን አዙረህ ለካኸኝ። አልገጠመም። ‘አልሠራሽም ማለት ነው። ሰነፍ ነሽ፤ እኔ ሰነፍ ሴት አላገባም’ ብለኸኝ ወጣህ። ከነገርከኝ ሁሉ እስከ ዛሬ አጥንቴ ውስጥ የቀረችው ይህች ቃል ናት። ጥለኸኝ መሄድህን ይቅር ብዬ ይሆናል፤ ይህችን ግን አላልኩም።

አሁን ወደ ዛሬው ነገር ልምጣ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አንዲት እመቤት ልጃቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ክሊኒክ መጡ። ወይዘሮ አማከለች ይባላሉ፤ የግራዝማች ኃይለመስቀል ባለቤት ናቸው። ታውቃቸዋለህ፤ ወደ ዓለም ከተማ ሳትዛወር እዚህ ራቤል ስታስተምር ጠጅ ቀድተውልሃል። ‘ሐኪሟ፣ ልጄን ዓይን በልቷታል! ለሠርጓ ትወፍራለች ስል ጉንጯ ጎደጎደ። ጾሙን ሁሉም ጾመ፤ እንደሷ የሆነ ግን የለም’ አሉኝ እያለቀሱ። ልጅቱ ጥሩሸዋ ነበረች። ጥር ላይ ሽማግሌ ልከህ ያጨሃት ጥሩሸዋ።

እናቲቱን ደጅ አስቀምጬ ልጅቱን አልጋ ላይ አስተኛኋት። ሳንባዋን አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነው። ጀርባዋን ስገልጥ ጅራት አጥንቷ ላይ ቆዳዋ ተልጧል። ክርኗም እንደዚያው። ያንን ቁስል የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ የራሴው ገላ ላይ ሽሮ ጠባሳው አለ።

‘በጎንሽ ተኝተሽ እግርሽን ሽቅብ ታነሻለሽ?’ አልኳት።

ደነገጠች። ‘እትዬ፣ ማን ነገረሽ? እናቴ እንኳ አታውቅም፤ ጓዳ ዘግቼ ቁርበት ላይ ነው የምሠራው።’

‘ያስተማረሽ ሰው እኔንም አስተምሮኛል’ አልኳት።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ‘ተመስገን፣ እኔን ብቻ አይደለም’ አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ዝም ብላት፣ ተድራ ዓለም ከተማ ብትወርድ፣ እንደኔ ሰነፍ ተብላ ስትባረር ብሰማ። ልጅቱ ግን ከቀሚሷ ሥር አንድ ነገር ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ‘እትዬ፣ እባክሽ ለኪኝ። እኔ ብቻዬን ስለካው ጫፉ እያመለጠኝ አልችል አልኩ። በሳይንስ ለቁመቴ የተሰላ ነው’ አለችኝ።

ቀይ ክር ነበር።

ቤቴ ከክሊኒኩ ጀርባ ስለሆነ ሮጥኩ። ሣጥኔን ገልብጬ የኔን ክር አመጣሁ። ለምን እንዳላቃጠልኩት አትጠይቀኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘን ዘረጋናቸው። ጫፍ ከጫፍ እኩል ናቸው። እኔን ታውቀኛለህ፤ በር ሳልፍ አጎንብሼ ነው። ጥሩሸዋ ብብቴ ሥር ትገባለች። ታዲያ ለማናችን ቁመት ነው የተሰላው? ልጅቱ ክሮቹን አየች፣ እኔን ሽቅብ አየች፣ ከዚያ ሳቅ አፈናት። ደጅ ያሉት እናቷ ‘ልጄ አበደች!’ ብለው በሩን በርግደው ገቡ።

በማግስቱ ግራዝማች አስጠሩኝ። ቤቱ በሽማግሌ ተሞልቷል፤ ለአንተ ዋስ ሆነው ልጅቱን የጠየቁልህ ሁሉ ተቀምጠዋል። ‘ሐኪሟ፣ ልጄን ምን ነካት? ሳትደብቂ ንገሪኝ’ አሉኝ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስብ የገላ ሁሉ ጎተራ ነው አልኳቸው፤ እግር ደከመ ተብሎ ከእግር፣ ሆድ ተንቀሳቀሰ ተብሎ ከሆድ አይዛቅም። ሥራ ሥጋን ያጠነክራል፤ ስቡን ግን ገላ ከፈለገው ቦታ ይወስዳል፤ የልጅዎን ከፊቷ ጀምሮ ወስዷል፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም አልኳቸው። ፊታቸውን ሳይ ግማሹ እንዳልገባቸው ገባኝ። እኔም የመንዝ ልጅ አይደለሁ? ‘ግራዝማች፣ በግ ላቱን ቀኑን ሙሉ ሲወዘውዝ ይውላል። በመወዝወዝ ብዛት ላቱ ያለቀበት በግ አይተው ያውቃሉ?’ አልኳቸው።

ከዚያ ግራዝማች በርኖሳቸውን ገፋ አድርገው፣ ‘እንዴት አይቼ! ይኸ ሰውዬ እኮ እዚህ ተቀምጦ ስለ አሜሪካ ስፖርት ሲያወራ አምሽቷል። የሚሠራው ቦታ የሚከሳ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጉንጭ ባልቀረው!’ አሉ።

የሳቁን ነገር ባትሰማው ይሻልሃል። አንዱ ሽማግሌ ከመደቡ ሊወድቁ ደረሱ። ሌላው ‘ምላሱማ በክር ሊለካ ይገባዋል’ አሉ። ቅዳሜ ገበያ ሳልደርስ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ራቤል ላይ ስምህ አሁን ‘ባለ ክሩ’ ነው። እህል ሻጮቹ ሳይቀሩ ‘ባለ ክሩ ከመጣ ደብቁን’ እያሉ ዳሌያቸውን ይሸፍናሉ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አልጸጸትም። ሌሊት ጸበል ሥር ቆሜ የተንቀጠቀጥኩትን ያህል እዚያ ገበያ መሐል ቆሜ ሞቀኝ።

ጥሩሸዋ ደኅና ናት። ቁስሏን በቅባት አከምኩላት፤ ጠዋት ገንፎ በቅቤ ትበላለች፤ ጉንጯ እየተመለሰ ነው። ፊደል ለይታ ማንበብ ትችላለች፤ መጻፉ ነው የቀራት። እሱንም ማታ ማታ እኔ ዘንድ እየመጣች ትማራለች። ግራዝማች ‘መስከረም ሲጠባ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት አስገባታለሁ’ ብለዋል። ሌላ ምን እንደወሰኑ እኔ አልነግርህም፤ በሰው ቤት ጉዳይ ጥልቅ ማለት ነውር ነው።

አሁን በቅሎዋን ማራገፍ ትችላለህ። ሣጥኑን ታውቀዋለህ፤ ጥር ላይ ራስህ የላክኸው ነው። ካባው፣ ጥልፍ ቀሚሱ፣ የአንገት ሐብሉ፣ አንድም አልጎደለም። ጉርድ ቀሚሱም አለ፤ ማንም አልለበሰውም። ከሁሉ በታች ሁለቱ ክሮች አሉ፤ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን አንድ አድርገናቸዋል። ዓለም ከተማ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ቦርጭ ማውጣትህን ነግሮናል። ጥሩሸዋ ‘ሁለቱ ተቀጥለው ምናልባት እሱን ይዞሩት ይሆናል’ ትላለች። አዙረህ ለካ። ካልገጠመልህ በጎንህ ተኛና እግርህን ሽቅብ አንሣ። ያኔም ካልገጠመ፣ ማን ሰነፍ እንደሆነ ለራስህ ንገረው።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ጉንጭህን ሳያጎድል ያኑርልህ፤ ሚስት ሲሰጥህም እንዳለች የምትወዳትን ይስጥህ። ይህን የመጨረሻውን ከልቤ ነው ያልኩት።

ከእንግዲህ በክር የማትለካ የቀድሞ እጮኛህ

*(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ቢንጋደድ አትፍረድባት፤ ብዕር ከያዘች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።)*

እኔም የቀድሞ እጮኛህ