የእኔ ፎልደር፣ የልጄ ቁጥር

ነሐሴ 2
ሥራ ብቻ። ክብ ኮሌታ ሣልኩ፣ የትንንሽ ሴቶች ልጆች ሸሚዝ። በማውስ መሣል እንደ መቀስ አይደለም፣ እጅ ላይ አይከብድም። ከብዶ የማያውቅ ነገር ደግሞ አላምንም። ቢሆንም እጄ ለምዶታል።

ጠዋት ልጄና ምራቴ ወደ ሥራቸው ወጡ። በሩ ከውጭ ተቆለፈ። "ለአንቺው ደህንነት ነው እማዬ።" ቁልፍ አንድ ጊዜ ጥያለሁ። አንድ ጊዜ። እሱ ስልክ ሲጥል ግን ስልኩን ነው የሚረግመው።

ባለ ስፌት ቤቷ ደወለች። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንቆርጠው፣ አሁን ባለቤት ሆናለች። "የዩኒፎርሙን ፓተርን ይዘሽ ነይ። የቆራጭነቱ ቦታ ያንቺ ነው፣ ከኋላ ያለችው ክፍልም ያንቺ። ግን ትምህርት ሳይከፈት። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ቆራጭ ነው የምሰጠው፣ አትቀየሚኝ።"

አልቀየምም። እሷ ምን ታድርግ... ወረቀቱ ቢኖር ዛሬውኑ እሄድ ነበር። የዕድሜዬን ፓተርን፣ ጨርቅ የምቆርጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ ምራቴ ወደዚህ ቤት ስንገባ ጣለችው። "የቆሸሸ ወረቀት መስሎኝ ነው እኮ እማማ።" ይኸው ከጭንቅላቴ እያወጣሁ ኮምፒውተር ላይ እሥለዋለሁ። ይህንንም እዚያው ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር አይቆሽሽም፣ አትጥለውም።

የቀረኝ እጅጌና የወንዶቹ ሱሪ ነው።

ነሐሴ 6
ይህን የምጽፈው በዱቄት ከረጢት ላይ ነው። ቀድጄ።

ልጄ እሑድ ዕለት ኮምፒውተሩን "አዲስ አደረግኩልሽ" አለኝ። ማን ለመነው? ከቢሮው የተጣለ አሮጌ ነው፣ ሊኑክስ የሚባል ነጻ ነገር የጫኑበት። ይዘገያል። እኔም እዘገያለሁ፣ ተስማምተን ነበር።

ዛሬ ስሜን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ። ትንሽ ነጭ ሳጥን ብቅ አለች። "መነሻ ፎልደርዎን ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም።" ከዚያ መልሶ ስም መጻፊያው በር ላይ ጣለኝ።

ፈቃድ? ከማን?

ማንበብ የተማርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በማታ ትምህርት። ከወጣቶቹ ኋላ ተቀምጬ፣ እየሣቁብኝ። ያን ሁሉ የለፋሁት ይችን ለማንበብ ኖሯል።

"ሁሉም አለ እማዬ፣ ምንም አልጠፋም።"
"አለ ካልክ አሳየኛ።"
በራሱ ስም ገባ፣ ከፈተው። ኮሌታዬ፣ ኪሴ፣ ሁሉም ተደርድሯል። በጣቱ እየነካ አሳየኝ።
"አሁን በእኔ ስም ክፈተው።"
ሞከረ። እምቢ አለው። ትከሻውን ሰበቀ። "እንግዲህ ስትፈልጊ እኔ እከፍትልሻለሁ።"
"እንደ በሩ?"
ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ተነሣ።

ነሐሴ 9
"ማታ አየዋለሁ" ብሎኝ ነበር። ማታ ያየው ኳስ ነው።

ነሐሴ 12
ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ! ስልኩ ላይ ፈልጎ አንድ ነገር አገኘ። "ለሁሉም ክፍት አደረግኩት" አለ። "በቃ፣ ማንም ይከፍተዋል፣ አንቺም ትከፍቺዋለሽ።"

እጅጌውን ጨረስኩ። ሁለት ጊዜ አፈረስኩት። ብብቱ አልገጥም አለኝ፣ ልጅ እጁን ሲያነሳ ሸሚዙ አብሮ ይነሣል። ሦስተኛው ልክ ሆነ።

ለሁሉም... ማንም ማለት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ነሐሴ 14
ከረጢት ላይ ተመለስኩ።

እራት ላይ ነበርን። ምራቴ የጨው ዕቃውን አንሥታ ከፊቴ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ።
"እማማ፣ ሾርባዬ የሆስፒታል ነው ብለዋል አሉ። ጨው ይኸው፣ ይጨምሩ።"
በአፌ ብዬው አላውቅም። የጻፍኩት ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከሁለት ወር በፊት። ፊቴ ጋለ። "ጨው ብቻ አይደለም የጎደለው" አልኩ። አፌን ደግሞ ማን ያዘው...

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱም አንብቧል።
"የት ልትሄጂ ነው?"
"ወደ ሥራ።"
"በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይለኛል? እናቱን ሰው ቤት ያሠራል ይሉኛል።"
"እዚህስ ምን እየሠራሁ ነው? ወለል፣ ሰሃን፣ ሸሚዝህ።"
"እሱ ሌላ ነው። የራስሽ ቤት ነው።"
"የራሴ ከሆነ ቁልፉ የታለ?"
ምራቴ ሣቀች። ልጄ አልሣቀም። ተነሥቶ ኮምፒውተሩ ጋ ሄደ። ጀርባውን ነው ያየሁት። "ክፍቱ አደገኛ ነው፣ ዘግቼዋለሁ። ፓተርኑን እኔ እይዝልሻለሁ። ልብሽ ሲረጋጋ እንነጋገራለን።"

የእኔን ሥራ እሱ መዝጋት ይችላል? ቻለ። ማሽኑ አንዲት ቃል አልተናገረውም። እኔን ነው ፈቃድ የሚጠይቀኝ።

ነሐሴ 15
ወለሉን አልወለወልኩም። ማንም አላስተዋለም።

ነሐሴ 17
ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ሱቁ የበር ያህል ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ሰላም ብዬው አላውቅም። ዛሬ በፍርግርጉ ጠራሁት።
"እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?"
"ኮምፒውተር ፈቃድ የለሽም አለኝ።"
"ያምጡት ልየው።"
"በሩ ተቆልፏል።"
ቀና ብሎ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ደግ ሰው ነው፣ አልጠየቀም። ተሻግሮ መጥቶ ከሥር ቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ልጄ አዲስ ማድረጉን፣ እሱ ሲከፍተው ለእኔ እምቢ ማለቱን። ገና ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ማሽኑ ሰው በስም አያውቅም እናቴ። በቁጥር ነው። ቀድሞ የተመዘገበ አንድ ሺ፣ ቀጥሎ የመጣ አንድ ሺ አንድ። ድሮ ማን ነበር የተመዘገበው?"
"እኔ ብቻ።"
"ስለዚህ አንድ ሺ እርስዎ ነበሩ። ዕቃዎ ሁሉ 'የአንድ ሺ ነኝ' የሚል ምልክት አለበት። ልጅዎ አዲስ ሲያደርገው ራሱን አስቀድሞ መዘገበ፣ እርስዎን አስከተለ። ዛሬ አንድ ሺ እሱ ነው። ማሽኑ ዕቃዎን የእሱ አድርጎ ነው የሚያየው።"
"በተንኮል ነው?"
"ኧረ! አላወቀውም። እኔም ሳልለምድ ስንት ሰው ላይ ሠርቻለሁ።"

ተንኮል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለተንኮል መልስ አለኝ። ራሱን ማስቀደሙን እንኳ ልብ ላላለ ሰው ምን ይመለሳል?

መፍትሔው ባለቤቱን መቀየር ነው አለኝ። ፎልደሩን በሙሉ ለአንድ ሺ አንድ መስጠት። ግን ለዚያ የልጄ ፓስወርድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሣቅኩ፣ ክፉ ሣቅ። እሱ ግን ሌላ መንገድ አለ አለ። ማሽኑ ሲነሣ ገና ሳይነቃ ይዘው፣ የጥገና በር በሚባለው መግባት። እቤትዎ ላለ ለራስዎ ማሽን ነውር የለውም አለኝ።

ክር ጣልኩለት። ትእዛዙን የጻፈበትን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ አስሮ ላከው። ሳብኩ።

"ዋጋውስ?"
"የአባቴን ኮት እጅጌ ያሳጥሩልኛል።"

ነሐሴ 20
ጽፌ ነው የምተኛው... ተኛሁ አልተኛሁ።

እነሱ እንደወጡ አጠፋሁት፣ አስነሣሁት። ጥቁር ሆነ፣ ነጭ ጽሑፍ ወረደ። በወረቀቱ እንዳለው እየመረጥኩ ገባሁ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፣ አላውቀውም። ቅርጹን ነው የገለበጥኩት፣ እንደ ኮሌታ ዙሪያ። ይህ ሆድ ያለው፣ ይህ ዱላ የመሰለ። የትእዛዙ መጨረሻ ላይ ጠጋኙ ነጠብጣብ አድርጎ ነበር። እሱን አልጻፍኩም። ፓተርን ላይ ነጠብጣብ መስመር የሚታጠፍበት ነው፣ መቀስ አይነካውም። ይህን ማን ያጣዋል?

ተጫንኩት። ምንም አላለም። ዝም። ለኔ ደግሞ ዝምታ ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

አስነሥቼ በስሜ ገባሁ። ገባሁ! ነጯ ሳጥን የለችም። ኮሌታዬ፣ እጅጌዬ፣ ኪሴ። ሱሪውን እስከ ከሰዓት ጨረስኩት፣ ወገቡን ትንሽ አሰፋሁት፣ ልጅ ያድጋል። ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ፍላሹ ደረቴ ውስጥ ነው። ይቆረቁራል። ይቆርቁር።

ፍላሹ አለ። በሩ ግን አሁንም ተቆልፏል።

ነሐሴ 21
ጠዋት ልጄ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ስሙን ጻፈ፣ ፓስወርዱን ጻፈ። ነጭ ሳጥን። መለሰው። ደግሞ ጻፈ። መለሰው። ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። እኔ ከኋላው ሰሃን አደርቃለሁ። ያችን ሳጥን ከሩቅ አውቃታለሁ።

ሲወጡ ጠጋኙን ጠራሁት። ወረቀቱን ወደ ታች መለስኩለት፣ የጻፍኩትን ነገርኩት። አየውና ግንባሩን ያዘ፣ ከዚያ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው።
"እናቴ፣ ቤቱን በሙሉ ወሰዱት እኮ!"
"ምን አልክ?"
"ነጠብጣቡ ላይ የእርስዎን ስም መጻፍ ነበረብዎ። ስም ሲቀር የሁሉንም ፎልደር ሰጠዎ፣ የልጅዎንም።"
"ነጠብጣብ አይቆረጥም።"
"በማን አገር?"
"በስፌት።"
እንደገና ሣቀ። እኔም ሣቅኩ። ስንት ጊዜዬ ነው ከሣቅኩ?

የልጄን ሥራ ማየት እችላለሁ አሁን። ፎልደሩ እዚያው ነው፣ አንድ ንክኪ። አልከፈትኩትም። ደግ ሆኜ አይደለም። ምራቴ ስለ እኔ ያለችው ነገር ቢኖርስ? ሾርባዋን በምን አፌ እጠጣለሁ?

ነሐሴ 22
አንኳኳ። የክፍሌን በር ልጄ አንኳኳ። ሁልጊዜ ገፍቶ ነው የሚገባው።

"እማዬ፣ ኮምፒውተሩ አላስገባ አለኝ። ለነገው ስብሰባ የሠራሁት እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።"
"አውቃለሁ።"
"አውቃለሁ ማለት?"
"እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሳላውቅ ነው። አንተም የኔን የወሰድከው ሳታውቅ ነበር።"
"ታዲያ መልሽልኝ።"
"ማታ አየዋለሁ።"

ያ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር የሚያሳየው ፊት ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።
"ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?"
"የበሩን ቁልፍ አምጣ።"
"ትሄጃለሽ።"
"እሄዳለሁ። ሳትሰጠኝም ሰው መጥራት እችላለሁ፣ መስኮት አለኝ። ከእጅህ ልቀበለው ብዬ ነው።"
"ሰው ምን ይለኛል እማዬ?"
"እናቱ ልብስ ትቆርጣለች ይሉሃል። ውሸት ነው?"

ወጣ። ከምራቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ፣ ድምፅ ቀነስ፣ ከፍ። "ወጥተው ቢወድቁስ? ማን ይጠየቃል?" አለች። እውነቷን ነው የፈራችው፣ እሷም። ያንን አላሰብኩትም ነበር። ቁልፉን ራሷ ናት ያመጣችው። "እማማ፣ ደረጃው ላይ ይጠንቀቁ" አለችኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው... ሰው ተጣልቶ እንኳ በቅጡ አይለያይም።

ማሽኑን አስነሣሁ። ጠጋኙ አርሞ በክሩ የመለሰልኝን ወረቀት ይዤ፣ ነጠብጣቡ ላይ የልጄን ስም ጻፍኩ። የልጄ የልጄ ሆነ። የእኔ የእኔ። ከጎኔ ቆሞ ፊደሉን ስገለብጥ ያያል። አንዱን ልሳሳት ስል በጣቱ አሳየኝ። "እሱ ትንሹ ነው፣ ትልቁ አይደለም።" አረምኩት።

መስከረም 5
ስፌት ቤት፣ ከኋላ ያለችው ክፍል። ወረቀት ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩን ልጄ በሳምንቱ መጨረሻ አመጣልሻለሁ ብሏል። እናያለን።

ነፃ ወጣሁ አልልም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ የሚያየው ግድግዳ ነው። ወገቤ ይጮኻል። ባለ ስፌት ቤቷ ባለቤት ከሆነች ወዲህ ድምፅዋ ወፍሯል። "እህቴ፣ ፈጠን!" ትላለች፣ ድሮ ሁልጊዜ የምትዘገየው እሷ ነበረች። እጅጌው ግን ልክ ነው። ዛሬ አንዲት ልጅ ለብሳ እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ ሸሚዙ ከቦታው አልነቃነቅም አለ።

የገባሁ ቀን ቁልፍ ስትሰጠኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ሌላው ቁልፍ ነው።
"ሁለተኛው የታለ?"
"እኔ ጋ ነዋ። ምናልባት ብትጥዪው..."
"አምጪው።"
"ወይ አንቺ! ክፉ ሆነሻል።"
"አዎ። አምጪው።"
አመጣችው። ሁለቱንም በአንድ ክር አንገቴ ላይ አስሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ጠንከር። ልጄ ነው፣ ያኔ የክፍሌን በር እንዳንኳኳው ነው ያንኳኳው። መቀሱን አስቀመጥኩ፣ እስከ በሩ ሄድኩ፣ ቁልፉን ያዝኩ።

ቢሆንም ጠየቅሁ። "ማነው?"