ማርያም የሳመችኝ ቦታ

ሰኞ
ሰው እንዳይሰማብኝ እንጂ፣ የእህቴን ልጅ ምርምር ፊቴን ተቀብቼዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ማርታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቁስል መድኃኒት ትፈልጋለች። ሴልን «እደግ» እያለ ቁስል የሚያድን ፕሮቲን አለ አሉ፤ ግን ውድ ነው፣ ከማቀዝቀዣ ከወጣም ይበላሻል። እሷ ያንኑ ትእዛዝ የሚያደርስ ትንሽ ቁራጭ ነው የምትፈልገው፤ ፔፕታይድ ትለዋለች። የሰፈራችንን የሲቀላን ሙቀት ይችል እንደሆን ለማየት ሁለት ብልቃጥ ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፤ ባለ ቀይ ክዳንና ባለ ነጭ። «አክስቴ፣ እንዳትነኪያቸው!» እኔ ደግሞ ለቁስል ከሆነ ለፊት መጨማደድ ምን ይከፋል ብዬ፣ ስንት ሳምንቴ ከነጩ ጠብ ጠብ ሳደርግ።

ማክሰኞ
ከላንቴ መንደር ሙዝ የምታመጣልኝ አስቴር በር ላይ ቆማ አፈጠጠችብኝ። «እትዬ፣ ምን ተቀባሽ? ልትዳሪ ነው እንዴ?» ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስትሄድ ወደ መስታወቱ ሮጥኩ። ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ድሮ የምስር ፍሬ ታክል ነበር። አሁን ጠርዟ ተዘርግቷል። ታሳክከኛለች።

ረቡዕ
ጥቁረቷ ጨመረ ወይስ ዓይኔ ነው? «እደግ» የሚል ነገር፣ ማን ይደግ ማን ይቅር ብሎ ይመርጣል? ምሳ ላይ ማርታን በዘዴ ጠየቅኋት። «ለዚያ እኮ ነው ሰው ላይ ያልሞከርነው» አለች፣ እየጎረሰች። እኔ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት።

ሐሙስ
ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። መስኮት ጋ አስቁማ ነጥቧን በስልኳ አነሳቻት።
«ከየትኛው ብልቃጥ?»
«ከነጩ።»
በሳቅ ፈነዳች። «አክስቴ! ነጩ እኮ ለማነጻጸሪያ ነው፤ ባዶ ውሃ!»
አስቴር ያደነቀችው ውሃ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማርታ ግን ቀድማ አቆመች። ፊቷን ሳይ ለእኔም ገባኝ። ውሃ ነጥብ አያሳድግም። ታዲያ ማን ነው «እደግ» ያላት?

ዓርብ
ሐኪሙ ቆርጦ ወሰዳት፤ ክፉ በሽታ እንዳይሆን ለምርመራ አዲስ አበባ ትላካለች። ስለ ነጥቧ «እንጠብቅ» ብቻ አለኝ፤ ስለ አየሩ ሙቀት ግን ብዙ አወራ። ወሬ የሚያበዛ ሐኪም አልወድም፣ ወሬ የምወድ እኔ እንኳ። ማርታ ፋሻዬን ደጋግማ አስተካከለች። «ቁስሉ ቶሎ ይድናል» አለችኝ። ስለ ቁስሉ አልጠየቅኋትም።

መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። መልሱ ሲመጣ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ከአስቴር ጆሮ ሳይደርስ እዚህ አሰፍረዋለሁ።