አንድ ፍሬ ለአንቺ፣ አንድ ፍሬ ለእኔ

ውድ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ እጄ ለምዶት ጻፍኩትና መልሼ ሰረዝኩት።

«ሥራ አገኘሽልኝ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አግኝቼልሻለሁ። አለቃችን ፎቶሽን አይቶ «ይቺንማ አምጫት፣ አንሶላ ክፍል ትገባለች» ብሎኛል። እንዳትመጪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አብራኝ ትኖር የነበረችው፣ ሳቂታ የምንላት፣ ሁልጊዜ ሰላምታ ትልክልሽ የነበረችው፣ እንደ እኔ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ነበረች። አንሶላ ክፍሉ ከማሽኖቹ ጀርባ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ብትጮኺም የሚሰማሽ የለም። አለቃው «ነይ አንሶላ እናጣጥፍ» ብሎ ሲጠራ እምቢ ያለች በማግስቱ ከሥራ ትባረራለች። ከጥቂት ወራት በፊት ሳቂታን ጠራት። ሌላም ሰው ጠርቷል፤ እሱን ተይው።

ሳቂታ እርግዝና ሳይመጣ ቶሎ የሚዋጥ ኪኒን እንዳለ ሰምታ ነበርና መድኃኒት ቤት ሄድን። ሻጩ ሰው እንዳያይብን አስቦ ይሁን እንጃ፣ ካርቶኑን ከነመመሪያው ጥሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን። እኛም አፍረን ምንም አልጠየቅንም። ስንፈታው ሁለት ፍሬ ነው። እኛም ሁለት ነን። ቤታችን ውስጥ ሳሙና እንኳ በቢላ ተቆርጦ ለሁለት ነው፤ ይሄ ምን ያከራክራል? ሳቂታ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብላ ሳቀችና አንዷን ሰጠችኝ፣ አንዷን ዋጠች።

የወር አበባዋ ሲቀርም ኪኒኑን አምና ዝም አለች። ሆዷ መግፋት ሲጀምር አንዲት ሴት የቀመመችላትን ነገር ጠጣች። ደሟ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ደርሰን ነበር፤ ግን አልተረፈችም።

እዚያ ያለችው ነርስ ነገሩን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለቱም ፍሬ የአንድ ሰው ነበር አለችኝ። ኪኒኑ የሴቷ እንቁላል እንዳይወጣ የሚያዘገይ ነው፤ ግማሹ ለዚያ አይበቃም። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ ቀን ባለፈ ቁጥር ይደክማል። ዋጥ አድርገሽ ወዲያው ካስመለሰሽ እንደገና ትወስጃለሽ። የተጀመረ እርግዝናን አያወርድም። ሙሉውን ወስደሽም የወር አበባሽ ከዘገየ መመርመር ነው እንጂ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እዚያም ቢሆን ክፉ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ከደረሰብሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ጠይቂ፣ እፍረት የሚገባው ያደረገው ሰውዬ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ሬሳ አጠገብ ቆሜ ነው፤ ንዴቱ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

አለቃው ትናንትም «እህትሽ መቼ ትመጣለች?» አለኝ። ሞታለች አልኩት። ይቅር በይኝ፣ ሟርቱ ለእሱ ይሁን፤ አንቺን የሚያስረሳው ሌላ ቃል አጣሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማዬ የማትለብሰው ያ ሰፊ ቀሚሷ አለ አይደል? እሱን ላኪልኝ። የሥራ ልብሴ ወገቡ ላይ አልቆለፍ ብሎኛል። እማዬ ከጠየቀችሽ ወፍራለች በያት፤ ደስ ይላታል።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ።

ሁሌም የምታስብሽ ታላቅ እህትሽ