ከግራ ጎድን ስር

ሐምሌ 28፣ ከቀኑ 9፡00

ለፈተና ልለማመድ ዛሬም አባቴን ሕመምተኛ አድርጌ አስተኛኋቸው። ራኩባው፣ የሣር ዳሳችን ጥላ ስር፣ የገመድ አልጋ ላይ። ዝናቡ አባርቷል። ዩኒቨርሲቲው በኮሮና ከተዘጋ ጀምሮ ኮኪት፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። የሕክምና ተማሪ ነኝ እላለሁ፣ ያለኝ ሕመምተኛ ግን አንድ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ምን አመመዎት።

«የሰሊጥ አረም አመመኝ፣ ዶክተር።»

ልብ፣ ሳንባ፣ ሆድ። በሃያ ሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። ሲነሱ የዘወትሩን ጠየቁ፦ «እሺ፣ ዛሬስ አለፍሽ?»

አለፍኩ አልኳቸው።

ደብተሬ፣ ለአንተ ልንገርህ፤ ዶርሙ ናፍቆኛል። ስድስት ሆነን በጓደኛዬ በሕይወት ሆድ ላይ ጣፊያ ስንፈልግ። እጄን ገና ሳሳርፍ ትስቃለች፣ ሆዷ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ፣ ሕመምተኛ አይስቅም!» ከግራ ጎድን ስር ጫን፤ «የለም!» ብለን እንጮሃለን፤ ቀጣይ ተረኛ ትተኛለች። የጤነኛ ሰው ጣፊያ በእጅ አይገኝም። ያን ሁሉ ማታ የማይገኝ ነገር ስንፈልግ ከረምን። ደስ ሲል።

ነሐሴ 2

ነጩን ጋዋኔን ከሳጥን አወጣሁት። ጆንያ ጆንያ ይሸታል። በፊት የዋርዱ ሽታ ነበረው፤ ያኔ እጠላው ነበር።

አባቴ አረም ላይ አልወጡም። እንደገና ትኩሳት። ወባ ናት ይላሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከሱቅ ኪኒን ገዝተው ዋጡ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላቸው አረሙ ይለቅ አሉ። እናቴ በሰዓታቸው ማሰሪያ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስትበሳ አየኋት። ክንዳቸው ቀጥኗል።

ሆዳቸውን ዳሰስኩ። በግራ በኩል ጠንከር ይላል። ጻፍኩ፦ የገበሬ ሆድ፣ ጡንቻ። ጣፊያ የለም።

ነሐሴ 5

ከዩኒቨርሲቲው ተጠራን! ፈተናው ነሐሴ 15 ይጀመራል። አባቴ ትኩሳታቸውን ረስተው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ነሐሴ 6፣ ከቀኑ 10፡00

ኔትወርክ ያለው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ቆሜ ከሕይወት ጋር በስልክ እየተለማመድን ነው። እሷ ፈታኝ፣ እኔ ተፈታኝ። ጣፊያ ላይ ስንደርስ እጅሽን የት ታሳርፊያለሽ አለችኝ። ከግራ ጎድን ስር አልኩ።

«ወደቅሽ» አለች።

አስተማሪያችን መቶ ጊዜ ተናግሮታል፦ ከሆድ የቀኝ ታችኛው ጥግ ጀምሩ። ጣፊያው ካበጠ ወደ ታች ይወርዳል። ከጎድን ስር የጀመረ እጅ ጣፊያው ላይ ያርፍና ጠርዙን ሳያገኘው ይቀራል። እናውቀው ነበር። እርስ በርስ ስንለማመድ ግን ምንም ስለማይገኝ አቋራጩን ለመድን። ሕይወት የዶርሙን ልምምዳችንን እያስታወሰች ትስቅ ነበር። እኔ ስልኩን ዘጋሁት።

ሮጬ ቤት ገባሁ። አባቴ ተኝተዋል። ከቀኝ ታች ጀመርኩ። ይተንፍሱ። ጣቴን ወደ ላይ። ይተንፍሱ። እምብርታቸው አጠገብ ስደርስ የሆነ ጠርዝ መጥቶ ጣቴን ነካው። ደገምኩት። አለ። ጡንቻ ያልኩት ሁሉ ጣፊያ ነው። ስንት ቀን እጄን ላዩ ላይ አድርጌ የለም አልኩ?

«ዛሬስ አለፍሽ?» አሉኝ።

ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳቸው።

ነሐሴ 8፣ ሸሕዲ፣ ሆስፒታል

ካላዛር። ደማቸው ተመርምሮ ተረጋገጠ። ማሳ ላይ ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ ነክሷቸው ነው። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል። መርፌ ለአሥራ ሰባት ቀን። በኮሮና ምክንያት አስታማሚ አንድ ብቻ፣ ከነገው የመጀመሪያ መርፌ በኋላ አይቀየርም። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለ። ማን እንደዘገየ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ነሐሴ 9

ከመርፌው በፊት ከአባቴ ጋር ተጨቃጨቅን። እናትሽ ትምጣ፣ አንቺ ወደ ፈተናሽ ሂጂ አሉ። እሷ ከመጣች ሰሊጡን ማን ያሳርማል ብላቸው «አረም ይብላው!» አሉኝ፤ ሰሊጣቸውን እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ በለሆሳስ፦ «መርፌውን የምትወጊኝ አንቺ አይደለሽም። እዚህ ወለል ላይ ልትተኚ ነው ያስተማርኩሽ?»

ያኔ ነገርኳቸው። ከሐምሌ ጀምሮ እጄ ላዩ ላይ እንደነበረ። አለፍኩ ያልኳቸው ሁሉ ውሸት እንደነበረ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ አገኘሽው አይደል?» አሉ።

ነሐሴ 10፣ ጠዋት

ለሕይወት ደወልኩ። ከሚቀጥለው ዙር ጋር እፈተናለሁ። አለቀሰች። ቀጥላ «ታዲያ አሁን ሆዴን ማን ይዳስሰኛል?» ብላ ሳቀች። እኔም።

ሁለተኛው መርፌ ተወጋ። ከቀኝ ታች ጀምሬ ዳሰስኩ፦ ጠርዙ እምብርቱ ጋ፣ እንደ ትናንቱ። እዚህ በየቀኑ እጽፈዋለሁ።

«ዛሬስ?» አሉ አባቴ።

ወድቄያለሁ፣ እደግማለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ሆዳቸው እንደ ሕይወት ሆድ ከእጄ ስር ተንቀጠቀጠ። እጄን አላነሳሁም።