«ዙረት»ን ላስለመዱን ለአቶ ሙዐዊያ ሱሌይማን

ከቆላ ብርሃን የኤሌክትሪክ መስመር ተቋራጭ ሠራተኞች መሠረታዊ ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

የማኅበራችን የሥራ ደህንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሙዐዊያ ሱሌይማን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ወደ አኼራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ወዳጅ ዘመድና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በትውልድ ቦታቸው በጀውሃ ተፈጽሟል። ማኅበራችን በእሳቸው ሞት የተሰማው ሀዘን ጥልቅ ነው። ከሀዘኑ ይልቅ ምስጋናው እንደሚበልጥ ለመናገር ግን አናፍርም። ይህን መግለጫ ከምናወጣው መካከል ዛሬ በሕይወት የቆመው በእሳቸው ጥረት የሆነ ብዙ ሰው አለና።

አቶ ሙዐዊያ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት በማሾና በሽንኩርት ማሳ ነው። በ1996 ዓ.ም. በድርጅቱ የፖል ጉድጓድ ቆፋሪ ሆነው ተቀጠሩ። ቀጥሎም መስመር ዘርጊ፣ ከዚያም የቡድን መሪ ሆነው ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ባለው መስመር ላይ እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ፖል ላይ የሚታሰረው የደህንነት ቀበቶ የጋራ ስለነበር፣ አንዱ ወርዶ ቀበቶውን እስኪፈታ ሌላው ከታች ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቀበቶና የራሱ ጓንት እንዲሰጠው ተከራክረው አሰጥተዋል።

በ2005 ዓ.ም. የቀትር ሥራ እንዲቀር አስወሰኑ። የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ሊቆጥረው ይችላል፤ በቀትር ብረት ጨብጦ ፖል ላይ የዋለ ግን ያውቀዋል። ሥራው በንጋት እንዲጀመር ተደረገ። በረመዳን የጾመውም ያልጾመውም እኩል ተጠቀመ።

ከሁሉም በላይ የምናመሰግናቸው ግን ከ2008 ዓ.ም. በኋላ ስላደረጉት ነገር ነው። በዚያ ዓመት ባልደረባችን ደሳለኝ በጀውሃ መስመር ላይ ሲሠሩ ሕይወታቸው አልፏል። መብራቱ እንደ ደንቡ ተቆርጦ ነበር። ነገር ግን የገበያ ቀን ነበርና እህል ይዞ የሚጠብቅ ሰው ስለበዛ አንድ ወፍጮ ቤት ጀነሬተር አስነሳ። ወፍጮ ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ መቀየሪያ ስላልነበረው ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተ በተባለው ሽቦ ላይ ሄደ። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ ሙሀባ ፖል ላይ ሰው መኖሩን የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት እስኪያቅታቸው ድረስ ሲያዝኑ፣ አቶ ሙዐዊያ ሄደው «እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ቀድመን መጥተን መንገር ነበረብን» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሙዐዊያ ሳይዞሩ ቡድናቸውን ፖል ላይ አላወጡም። በሥራው ዋዜማ ባጃጅ ይዘው ጀነሬተር ያለበትን ወፍጮ ቤትና የውሃ ፓምፕ ሁሉ ያዳርሳሉ፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ነገ ሰው ፖል ላይ እንደሚውል ይናገራሉ። በማግስቱም ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መብራቱ ሳይቆረጥ፣ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እንዲነገር ያደርጋሉ። ድንገት የመጣን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ሳይታሰርም ማንም መስመር እንዳይነካ ያዝዛሉ። ከመካከላችን «እኛ መስመር ዘርጊ ነን ወይስ ሠርግ ጠሪ?» እያለ ያላገጠ ነበር። «ዙረት» የሚለው ስም የወጣውም ለማሾፍ ነው። አቶ ሙዐዊያ አብረው ይስቁና ባጃጃቸውን ይሳፈሩ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ዙረት በኅብረት ስምምነታችን ውስጥ ገብቶ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጠረ። ድርጅቱ «ሰላምታ ሥራ አይደለም» ብሎ ሲከራከር፣ አቶ ሙዐዊያ «ሬሳ ከማውረድ ይቀላል» ብለው መለሱ። አንቀጹ ከጸደቀ ወዲህ ከጀነሬተር በተመለሰ ኃይል የሞተብን ሰው የለም።

አሁን የኅብረት ስምምነቱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ድርጅቱ ዙረት ቀርቶ በስልክ መልእክት እንዲተካ ሐሳብ አቅርቧል። አቶ ሙዐዊያ ይህን የሰሙት በሕመም አልጋ ላይ ሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ሊጠይቃቸው የገባውን ባልደረባ ሁሉ ስለ ሕመማቸው ከማውራት ይልቅ «አንቀጹ እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። ያረፉትም ቁርጡን ሳይሰሙ ነው።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዙልፋ፣ ለልጆቻቸው ለናጅዋና ለሙሀሲን፣ ለጀውሃ ሕዝብ እንዲሁም አብረዋቸው ፖል ላይ ለዋሉ ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። ናጅዋና ሙሀሲን፣ አባታችሁ ማታ ማታ ዘግይተው ወደ ቤት ይገቡ የነበረው የሌላው ልጅ አባት በሰላም እንዲገባ ነበርና፣ ለእናንተም ምስጋና ይገባችኋል። አላህ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው።

በለቅሶው ቤት ወይዘሮ ሙሀባ በሰው ፊት አንድ ነገር ጠይቀውን ነበር። «እንግዲህ ማን መጥቶ ይነግረናል? እኔ እንደሁ ስልክ ማንበብ አልችል» አሉ። ጥያቄያቸውን ይዘን ወጣን። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ትናንት ተሰብስቦ መልሱን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ድርጅቱም በዚሁ ይወቀው። እትዬ ሙሀባ፣ ሰኞ የጀውሃ መስመር ይጠገናል። እሑድ ከቤትዎ ድረስ እንመጣለን። ሳንመጣ ፖል አንነካም።