ሦስተኛው እምቢታ

ለእንድሪስ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ወገብ ለክቶ የራሱን ለመለካት ላፈረው ባለቤቴ። ሰላም በአንተ ላይ ይሁን።

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ለቅሶዬን ጨርሻለሁ ማለቴ አይደለም፤ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄብህ ነው። ንዴት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ንቀትም አለበት። ሰው እንዴት ሟቹን ይንቃል ብለህ አትገረም። እኔም መጀመሪያ ላይ ራሴን ታዝቤዋለሁ፣ አሁን ግን ለምጄዋለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። የስፌት መኪናህን ሸራ አልብሼ መስኮቱ ሥር አስጠግቻታለሁ። ልጃችን ዘሀራ እንሽጣት ብላ ተኳርፈናል። እኔ አሁንም ገበያ ቀን በርበሬና ቅመሜን ይዤ እወጣለሁ። ጣሪያውን ክረምት ሳይገባ አስጠግኜዋለሁ፤ አንተ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልክ ስምንት ዓመት ያፈሰሰው ጣሪያ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ሜትርህን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ለምን እንደያዝኳት እመጣበታለሁ።

ጤና ጣቢያ አብረን የሄድንበትን ቀን አልረሳህም መቼም። ሲስተሯ ግፊትህን ለካች፣ ከጣትህ ደም ወሰደች፣ ከዚያ ልክ እንደ አንተው ያለ ሜትር አውጥታ ሆድህን ዞረችው። ስንት ሰው ስትለካ የኖርክ ሰውዬ እጅህን አንስተህ ስትቆም እንደ ልጅ አፍረህ ነበር። ቁጥሩን ሳትነግርህ ከፊትህ አውቀኸዋል፣ ምክንያቱም ሱሪህን በየዓመቱ ደብቀህ የምታሰፋው አንተ ራስህ ነበርክ። «ጋሼ፣ ግፊቱም ስኳሩም ይህ ሆድዎም አንድ ላይ ነው የመጡብዎት፤ ለየብቻ የሚታዩ አይደሉም» አለችህና አንድ ወረቀት ሰጠችህ።

የወረቀቱ ነገር! ጠላና አረቄ አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ጥሬ ሥጋ አያዘውትሩ ይላል። ሦስቱን መስመር አንብበህ አጠፍከው። «ይኼስ ለክርስቲያኖቹ ነው፤ እኔ ዱሮስ መች ጠጣሁ፣ መች አጨስኩ» ብለህ በመንገዱ ሁሉ ደስ እንዳለህ ገባህ። እስልምናህን እንደ ኪኒን የዋጥከው መሰለህ። ከታች፣ ማጠፊያው ላይ፣ ጣፋጭ ነገር ይተዉ የሚል አራተኛ መስመር ነበረ፤ እሱን ያነበብኩት አንተ ከተቀበርክ በኋላ ነው። የወረቀቱን ጸሐፊም አልምረውም። ስለ ረቡዕና ዓርብ ጾም ሁለት መስመር አትርፎ፣ ስለ ረመዳን አንድ ቃል የለውም። እዚህ አገር እንደኛ ያለ ሰው መኖሩን የነገረው የለም።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማንንም የማይጠይቅ ሐኪም ሆንክ። በቀን ሦስቴ የታዘዘልህን ኪኒን ለማግሪብ፣ ለጾም መፍቻው፣ አጠራቅመህ ሦስቱንም ባንዴ፣ በአራት ማንኪያ ስኳር በተማሰለ ሻይ ወደታች ሸኘኸው። ያመለጠ ጾም በሌላ ቀን ይከፈላል፣ ኪኒኑም እንደዚያው መሰለህ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አዙሮህ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ሸሁን ጠይቅ ብዬ ለመንኩህ። በሽተኛ ነኝ ብዬ ጾም ልፍታ ልበላቸው እንዴ ብለህ ጮህክብኝ። እኔ ዘንድሮ ለራሴ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሐኪም ይጎዳሻል ካለሽ ብይ፣ በየቀኑ ድሃ አብሊበት አሉኝ። ሁለት ደቂቃ፣ እንድሪስ።

በእግርህ ሂድ የተባልከውማ ዘሀራንም እስካሁን ያስቃታል። ሥራ ፈትቶ ይዞራል እንዳይሉህ ብለህ የተቆረጠ ጨርቅ ብብትህ ሥር ይዘህ ወጣህ፣ ለባለቤቱ የምታደርስ መስለህ። በሁለተኛው ቀን የማን ነው፣ ለማን ነው እያሉ ሲያዋክቡህ ተመልሰህ መኪናህ ላይ ተቀመጥክ፤ መሄዱም በዚያው ቀረ። እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት ባዶ እጄን እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። ወዴት ነው ሲሉኝ የትም እላለሁ። ማንም አልሞተም።

ከሁሉ የናቅኩህ ግን በድግሱ ነው። በክርስቲያን ጎረቤት ድግስ የእኛ ነገር የታወቀ ነው። ሥጋው ይመጣል፤ የታረደው በእነሱ እጅ ነውና አንበላም። ጠላው ይመጣል፤ አንጠጣም። በሁለቱ እምቢታ የሚቀየመን የለም። ከዚያ የቤቱ እመቤት ደስ ብሏት ጓዳ ትገባለች፣ ለእኛ ብላ የደበቀችው አለና። ለስላሳ። ሌላው ጠላ ሲጠጣ ለአንተ ብቻ ጠርሙስ ይከፈታል፣ ሳይጎድል ሌላ ይደገማል። ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው እንዴት ሦስተኛ እምቢ ይላል? የእኛ ጨዋ አይችልም። ሠርግ ሲሆን ሦስት ጠርሙስ፣ ተዝካር ሲሆን ሁለት፣ ክርስትና ሲሆን ሁለት። «ስኳር አለብኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል ከአፍህ ማውጣት ከሞት በለጠብህ። አንድ ጠርሙስ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። ግን የጎረቤታችንን የእትዬ አበበችን ልጅ ሠርግ ከበላን በሦስተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋህ እግርህ ከመርገጫው ላይ ቀረ። አፍህ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ለእኔ እንኳ ቃል ሳትሰጠኝ ሄድክ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አበበችን በአጥር ላይ ባየኋቸው ቁጥር ሆዴ ይሻክር ነበር። በምግብ፣ በውኃ፣ በለቅሶ ያልተለዩኝን ሴትዮ ነው የምልህ። እነዚያን ጠርሙሶች በእጃቸው ሲከፍቱ ነበር የሚታዩኝ። ሰላምታቸውን እንደ ነገሩ እመልሳለሁ። እሳቸው ሐዘኑ ነው ብለው ያልፉኛል።

ባለፈው ወር እኔንም አዙሮኝ ሄድኩ። ያችው ሲስተር ናት። ግፊቱ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ሜትሩም ሆዴን ዞሮ ሲስተሯን አንገቷን አስነቀነቃት። ወረቀቱም ያው ወረቀት ነው። አራተኛውን መስመር ቁጭ ብዬ፣ እሷው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ስለ ረመዳን ጠይቂኝ አልኳትና ጠየቀችኝ፤ የኪኒኑን ሰዓት አስተካክላ ጻፈችልኝ።

ባለፈው እሁድ የእትዬ አበበች የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር። ልቅር ብዬ ነበር፣ ግን ለጎረቤት አይቀርም። ሥጋው መጣ፣ ጠላው መጣ። ገና ሳልደላደል ቆርኪው ተከፈተ፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ይዘው የመጡት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ያን ጊዜ ይሉኝታህ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ገባኝ፤ በእጄ ላይ ያዝኩት። ልጠጣው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስኳር አለብኝ፤ ውኃ ይስጡኝ» አልኩ።

እትዬ አበበች ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው እንደቆሙ ቀሩ። «እንድሪስስ?» አሉኝ። «እንድሪስም ነበረበት እንዴ?» ነበረበት አልኳቸው። አጠገቤ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ታዲያ እኔ ነኛ ያጠጣሁት» አሉ።

ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ አዎ፣ እርስዎ ነዎት ልላቸው ስፈልግ የኖርኩት ቃል አፌ ላይ መጣ። ማለት ግን አልቻልኩም፤ እውነት አይደለማ። እሳቸው አያውቁም ነበር። እኔ ግን ስኳር እንዳለብህ አውቅ ነበር። በየድግሱ ከጎንህ ተቀምጬ፣ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፎ፣ ስትጠጣ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ሰው ፊት ላለማሳፈር ብዬ። ይህን ያህል ጊዜ አንተን እየናቅኩ የኖርኩት የራሴን ድርሻ ላለማየት ነው። «አይ እትዬ፣ ያልነገርንዎት እኛ ነን» አልኳቸው። እጄን ያዙኝና አብረን አለቀስን፣ ሰው ሁሉ እያየን። ውኃውን ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው፣ ደህና ብርጭቆ መርጠው።

እንግዲህ ሜትርህ ሥራ አላት። ጁምዓ ጁምዓ ወገቤን እለካባታለሁ፣ ቁጥሩንም በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። መኪናህ አትሸጥም፤ ዘሀራ ሱሪ ማጥበብ ልማር ብላለች። ዱዓ አድርጌልሃለሁ፣ አደርግልሃለሁም። ዱዓ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጦም ይደረጋል። አንተን የማስታውስህ ሰው መሐል ነው። በሄድኩበት ድግስ ሁሉ ሦስት ጊዜ እምቢ እላለሁ፤ ሁለቱ የሃይማኖቴ ናቸው፣ ሦስተኛው ያንተ ነው።

ባለቤትህ ከድጃ